«ወይ ጠበሉን ወይ ክኒኑን ምረጡ» ላሉን ጸሐፊ

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቶቼ እርስ በርስ ሲላላኩት የነበረ አንድ ጽሑፍ እኔም ጋ ደረሰ። ስለ አእምሮ ሕመም ነው። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይሄ ነው። የአእምሮ ሕመም የሚባለው ከፈረንጅ የመጣ የከተማ ነገር ነው፣ አያቶቻችን አያውቁትም። እውነተኛው ነገር መንፈስ ስለሆነ ቤተሰብ ከጠበልና ከሐኪም አንዱን ይምረጥ። መድኃኒቱ ሱስ ነው፣ ሰው ያደነዝዛል፣ የተሻለው ሰው ቶሎ ያቁመው። ምክር አገልግሎት የሚሉት በብር የሚሸጥ ወሬ ነው። ሕክምናውም ለሀብታም እንጂ ለእኛ አይደለም። ታማሚው አደገኛ ስለሆነ ቤት ተዘግቶበት ይጠበቅ። «እሞታለሁ» ቢልም ማስፈራሪያ ነው። ነገሩ ከቤት አይውጣ።

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በክፋት የተጻፈ አይመስለኝም። እንዲያውም መሃል ላይ አንድ ቦታ አለ፤ ሌሊት ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን የሚመላለስ ኮቴ እያዳመጡ ስለማንጋት የጻፉት። እዚያ ጋ ቆምኩ። ያንን ኮቴ የሚያውቀው የኖረበት ሰው ብቻ ነው።

እኔም ኖሬበታለሁ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከእናቴና ከታናሽ ወንድሜ ጋር ነው የምኖረው። ታናሼ ስኪዞፍሬኒያ አለበት፤ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚያሰማ፣ የሌለውን እንዳለ የሚያሳምን ሕመም ነው። ዘንድሮ ስድስተኛ ዓመቱ ነው። ይሄን የምጽፈውም እሱ አንብቦት፣ ሁለት ቦታ አርሞኝ፣ «ይውጣ» ስላለኝ ነው። ከስድስቱ ዓመት የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን የበላብን ልክ ይሄ ጽሑፍ የሚሰጠው ምክር ነው። ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ከአያቶቻችን ልጀምር። ሕመሙን ካላወቁት ቃላቱን ከየት አመጡት? «ጨርቁን ጣለ» ያለው ማን ነው? «ቀልቡ ተገፈፈ»፣ «ለየለት»፣ «ሆድ ባሰው»፣ እነዚህ ከፈረንጅ የተተረጎሙ አይደሉም። እናቴ ያደገችው ሰሜን ሸዋ ገጠር ነው። የአጎቷ ልጅ ከቤቱ ጀርባ በተሠራለት ጎጆ፣ እግሩ በሰንሰለት ታስሮ ዓመታት ኖሮ እዚያው ሞቷል። ይሄን ታናሼ እስኪታመም ድረስ ነግራን አታውቅም። ሕመሙ ነበረ ማለት ነው። የሚያወራው ሰው አልነበረም እንጂ።

ደግሞ ተቆጥሯል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቡታጅራና ዙሪያዋን ቤት ለቤት ጠያቂ አስዞሩ፤ ከ68 ሺህ በላይ ሰው ተጠየቀ። አብዛኛው ገበሬ ነው፣ የገጠር ሰው ነው። ስኪዞፍሬኒያም፣ ስሜትን አንዴ ከልክ በላይ ከፍ አንዴ ዝቅ የሚያደርገው ባይፖላርም፣ ከባድ ድብርትም ተገኘ። ከታማሚዎቹ ብዙዎቹ ሐኪም አይተው አያውቁም ነበር። በዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች ላይ ከከተማ ተነጥለው በሚኖሩ ሰዎች መካከልም ባይፖላር ተገኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ከ300 ሰው አንዱ ገደማ ስኪዞፍሬኒያ አለበት። ኮዬ ስንት ሺህ ሰው እንደሚኖር አስቡና ራሳችሁ አካፍሉት። የእኛ ቤት ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ከጠበልና ከሐኪም አንዱን ምረጡ ወደሚለው። ከጽሑፉ ሁሉ የጎዳኝ ይሄ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ነው የምመልሰው።

ታናሼ ሲጀምረው 21 ዓመቱ ነበር፤ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት። መጀመሪያ እንቅልፍ አጣ። ከዚያ በመታጠቢያ ቤቱ ቱቦ በኩል ታች ቤት ያሉ ሰዎች ስሜን እያነሱ ያሙኛል አለ። ኮንዶሚኒየም የኖረ ያውቃል፣ ቱቦው እውነትም ድምፅ ያመጣል። እኔም ጆሮዬን ደቅኜ አዳመጥኩ፤ አምኜውም ነበር። የገባኝ ድምፁ ታክሲ ውስጥም ሲከተለው ነው። ምግቡ መርዝ አለበት ብሎ መብላት ሲያቆም እናቴ ልብስ ሸክፋ እንጦጦ ይዛው ወጣች። እዚያ ቤት ተከራይተው አንድ ዓመት ከምናምን ቆዩ።

እንጦጦን ክፉ አልናገርም። ሰዉ ያለችውን አካፍሎናል። እናቴ ስትደክም ሌሎች እናቶች ልጇን ጠብቀውላታል። ማንም «እብድ» ብሎ አልጠራውም። ጠዋት የሚነሳበት ሰዓት ነበረው፣ የሚሄድበት ቦታ ነበረው፣ የሚጸልይለት ሰው ነበረው። የጎዳን ጠበሉ አይደለም። የጎዳን ከመውጣታችን በፊት አንድ ክሊኒክ የጻፈለትን መድኃኒት «ይሄን እየዋጠ ጠበሉ አይሠራለትም፣ ጣሉት» የተባልነው ነው። ያለን ሰው ቄስ አልነበረም። እንደኛው ታማሚ ይዞ የመጣ፣ በቅን ልቡ የተናገረ ሰው ነው። እናቴ ጣለችው።

ድምፁ እየባሰ ሄደ። አንድ የክረምት ሌሊት ታናሼ በባዶ እግሩ ወጥቶ ጠፋ። ሁለት ቀን ፈለግነው። በሱሉልታ መንገድ ዳር ተቀምጦ፣ ከብርዱ የተነሳ አፉ ተሳስሮ ነው ያገኘነው።

ከዚያ ያወጡን የእናቴ የንስሐ አባት ናቸው። ሰማንያ የሚጠጋቸው ሽማግሌ ናቸው። እናቴ አልቅሳ እስክትጨርስ ጠበቋትና «መድኃኒቱን በጠበሉ ያወራርደው፤ እሱንም የፈጠረው ያው እግዚአብሔር ነው» አሏት። በቃ። ሁለት ዓመት ምረጡ እየተባልን የተሰቃየንበትን በአንድ ቃል ፈቱልን።

ይሄ የአንድ አባት የግል ሐሳብ ብቻ አይደለም። በኤችአይቪ ጊዜ ያው ክርክር እዚያው እንጦጦ ተነስቶ ነበር፤ ጠበል የገባ ሰው መድኃኒቱን ያቋርጥ ነበር። በ1999 ዓ.ም. የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውንና አብረው መወሰድ እንደሚችሉ በአደባባይ ተናገሩ። ለኤችአይቪ ከተፈቀደ ለአእምሮ ሕመም የሚከለከልበት ምክንያት ምንድነው? ጋና ውስጥ ደግሞ ጸሎት ቦታ ላይ ያሉ ከባድ ታማሚዎችን ከጸሎቱ ሳያስወጡ እዚያው መድኃኒት የሰጡበት ጥናት አለ፤ በ2018 እ.ኤ.አ. ታትሟል። መድኃኒት የተጨመረላቸው ሰዎች በጸሎት ብቻ ከቆዩት ይልቅ ሕመማቸው ቀሎላቸዋል። እኛ ብሎክ ያሉ አንድ ሙስሊም እናትም ልጃቸውን ቁርኣን እያስቀሩበት ክኒኑን በሰዓቱ ይሰጡታል። ማንም አስመርጧቸው አያውቅም።

ጾም የሚያስጨንቃችሁ ካላችሁ፣ ለሐኪሙ ንገሩት። ብዙ ጊዜ ሰዓቱ ይስተካከላል። ታናሼ ክኒን ላይ በነበረበት ጊዜ ማታ አንዴ ነበር የሚወስደው፤ ጾሙንም አላስፈታውም።

በኋላ ታናሼን ያየችው ሐኪምም ብትሆን ስለ እምነታችን አንድ ቀን አልተከራከረችንም። መጀመሪያ ያደረገችው ደም ማስመርመር ነው። የእንቅርት ዕጢ ችግር፣ የሚጥል በሽታ፣ የአንጎል ኢንፌክሽን፣ ጫትና ሌላም ዕፅ ሰውን እንደዚህ ሊያደርገው ስለሚችል እሱን ማጣራት አለብኝ አለች። ከዚያ የስኪዞፍሬኒያ ምክንያቱ አንድ እንዳልሆነ አስረዳችን። በዘር የሚመጣ ተጋላጭነት አለ፣ አንጎል ውስጥ ያሉ ኬሚካሎች አሠራር አለ፣ የኑሮ ጫና አለ። የማንም ጥፋት እንዳልሆነ ደጋግማ ነገረችን። እናቴ «ምን በድዬ ነው» ማለት ያቆመችው ያን ቀን ነው።

ወደ መድኃኒቱ። ያደነዝዛል ይላሉ። አዎ፣ አንዳንዱ ያደነዝዛል፤ ይሄን የምክድ ሰው አይደለሁም። ከእንጦጦ ስንመለስ ታናሼ የጀመረው ሃሎፔሪዶል ነበር። በሦስተኛው ቀን አንገቱ ወደ አንድ ጎን ተቆልምሞ ቀረ። ዓይኑ ወደ ላይ ተሰቀለ፣ ምላሱ አልታዘዝ አለው። ጎረቤት ተሰበሰበ፤ ሁሉም መንፈሱ ተቆጣ አለ። መንፈስ አልነበረም። መድኃኒቱ ጡንቻን ሲያኮማትር የሚመጣ የታወቀ የጎንዮሽ ጉዳት ነው፤ ወጣት ወንዶች ላይ ይበዛል። ድንገተኛ ክፍል ወስደነው መርፌ ተወጋና ብዙም ሳይቆይ ተፈታ። ከዚያ በኋላ አርቴን የሚሉትን መድኃኒት አብሮ ይወስድ ጀመር። ያስጀመረን ሐኪም ቤት ይሄ ሊመጣ እንደሚችል ቀድሞ አንድ ቃል ቢነግረን ኖሮ ያን ሌሊት እንደዚያ ባልተንቀጠቀጥን ነበር። እስካሁን ያናድደኛል።

ግን መፍትሔው መጣል አልነበረም፤ መቀየር ነበር። ሪስፔሪዶን ተሞከረ፣ መጠኑ ከፍ ዝቅ ተደረገ። አሁን ፍሉፌናዚን የሚባል በወር አንዴ የሚወጋ መርፌ ላይ ነው፤ በየቀኑ ክኒን መዋጥ ለሰለቸው ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። እጁ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። አይደነዝዝም፤ ከእናቴ ጋር ስለ ኳስ ይጨቃጨቃል። ሌሎቹም መድኃኒቶች የየራሳቸው ጣጣ አላቸው። ኦላንዛፒን ያወፍራል፣ ስኳርም ሊያስከትል ይችላል። ለባይፖላር የሚሰጠው ሊቲየም በየጊዜው የደም ምርመራ ይፈልጋል። ሶዲየም ቫልፕሮኤት ፅንስ ስለሚጎዳ ልትወልድ የምትችል ሴት ሳትጠይቅ መጀመር የለባትም። ሐኪሙን ፊት ለፊት ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው።

ሱስ የሚለው ላይ ጸሐፊው ነገር ቀላቅለዋል። ዲያዜፓምና መሰሎቹ፣ ማለትም ለእንቅልፍና ለጭንቀት የሚሰጡት፣ እውነትም ሱስ ያስይዛሉ። ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው የሚወሰዱት። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲሸጡም አይቻለሁ፤ በዚህ ቢጽፉ አብሬዎት እጮህ ነበር። የድብርት መድኃኒቶች እነ ፍሉኦክሰቲንና አሚትሪፕቲሊን፣ የስኪዞፍሬኒያውም ጭምር፣ ግን እንደዚያ አይደሉም። ሰው አምሮት አይፈልጋቸውም፣ መጠን ጨምሩልኝ ብሎም አይለምንም። በአንዴ ሲቋረጡ ሰውነት ስለሚረበሽ ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሱት፤ ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው።

«የተሻለው ሰው ቶሎ ያቁም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ግን እባክዎ ከጽሑፉ ያውጡት። በብዙ ቤት ሰው የሚሰበረው እዚህ ላይ ነው። የድብርት መድኃኒት ገና ሥራውን ለመጀመር ሁለት ሦስት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ሰው ግን በሳምንቱ «አልሠራልኝም» ብሎ ይተወዋል። ከተሻለው በኋላ ደግሞ ሌላ 9 እስከ 12 ወር መቀጠል ይመከራል። ስኪዞፍሬኒያና ባይፖላር ከዚያም ይረዝማሉ፤ ብዙ ሰው ዓመታት ይወስዳል። ታናሼ በስምንተኛው ወር፣ ሥራ ማፈላለግ በጀመረበት ሰሞን፣ «ድኛለሁ» ብሎ በድብቅ ተወው። እኛም ደስ ብሎን ስለነበር አላስተዋልንም። ሁለት ወር ሳይሞላ መስኮቱን በላስቲክ መሸፈን ጀመረ። ወደ ነበረበት ለመመለስ አምስት ወር ፈጀብን። ያቆመው ስለተሻለው ነው፤ የተሻለው ደግሞ ስለሚወስደው ነበር። ማቆም ከተፈለገም ከሐኪም ጋር ተመክሮ፣ እየተቀነሰ፣ ቤተሰብ እያየ ነው።

ምክር ወሬ ነው ለሚለው ብዙ አልልም። የቡና ላይ «አይዞህ» ያስፈልጋል፣ እኔንም ያቆመኝ እሱ ነው። የንግግር ሕክምና ግን ሌላ ነገር ነው። ስንት ጊዜ እንደምትገናኙ ይወሰናል፣ ምን ላይ እንደምትሠሩ ይታወቃል፣ የቤት ሥራ ይሰጣል። ቀለል ላለ ድብርትና ጭንቀት ብዙ ጊዜ ከመድኃኒት በፊት የሚሞከረው እሱ ነው። የግድ ትልቅ ቢሮም አይፈልግም። ዚምባብዌ ውስጥ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሠለጠኑ አያቶች ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተጨነቀ ሰው ያነጋግራሉ፤ ተጠንቶም ሠርቶ ተገኝቷል። እኛን ደግሞ የሳይካትሪ፣ ማለትም የአእምሮ ሕክምና፣ ነርሷ ከታናሼ ጋር እንዴት እንደምናወራ አስተማረችን። ድምፅ ሲሰማ «የለም፣ ውሸት ነው» እያልኩ እከራከረው ነበር፤ እሱም ይርቀኝ ነበር። አሁን «እኔ አይሰማኝም፤ አንተን ግን እንደሚያስጨንቅህ ይገባኛል» እላለሁ። ይቺን ዓረፍተ ነገር ለመማር ሦስት ቀጠሮ ፈጅቶብኛል። ከዚያ በኋላ ግን ቤታችን ውስጥ በር ሲወረወር ሰምቼ አላውቅም።

ለሀብታም ነው ለሚሉት፣ እዚህ ላይ ምሬትዎ ምሬቴ ነው። ከኮዬ ለቀጠሮ ስንወጣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነበር። ወደ ቱሉ ዲምቱ፣ ከዚያ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ መርካቶ። ሰው የሚፈራ፣ «ሁሉም ያየኛል» የሚል ልጅ ይዞ በተጨናነቀ ሚኒባስ ሦስት ጊዜ መውረድና መሳፈር ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ደርሰን መድኃኒቱ አልቋል የተባልንበት ቀን አለ። ከግል ፋርማሲ በተበደርኩት ብር ገዝቻለሁ። አማኑኤል ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር፤ የሳይካትሪ ስፔሻሊስት በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረውም በ1995 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ እጥረቱ እውነት ነው።

ግን ነገሩ እንደ ድሮው አይደለም። የካ ኮተቤ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አለው። ሌሎች ጠቅላላ ሆስፒታሎችም የሳይካትሪ ክፍል ከፍተዋል። ከሁሉ በላይ ሕክምናው ወደ ጤና ጣቢያ እየወረደ ነው። በአገራችን ገጠር የተሠራ ጥናት አለ፤ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በሠለጠኑ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ሲታዩ ውጤቱ ሆስፒታል በሳይካትሪ ነርስ ከሚታዩት ያነሰ አልሆነም። ታናሼም የሆስፒታሉ ሐኪም ወረቀት ጽፋለት መርፌውን አሁን ሰፈር ነው የሚወጋው፤ ሆስፒታል የሚሄደው በስድስት ወር አንዴ ነው። የጤና መድን ካርድ ያላችሁ ደግሞ ምን ምን እንደሚሸፍንላችሁ ጤና ጣቢያችሁን ጠይቁ። እኛ ሳንጠይቅ አንድ ዓመት ከፍለናል።

አደገኛ ነው፣ ይዘጋበት ስለሚለው። አብዛኛው ታማሚ ማንንም አይነካም፤ ይልቁንስ የሚመታው፣ የሚሰረቀው፣ የሚደፈረው እሱ ነው። ሰው ሲቆጣና ራሱን መቆጣጠር ሲያቅተው ደግሞ የሚሄድበት ድንገተኛ ክፍል አለ። በር መቆለፍ ሕክምና አይደለም። የእናቴን የአጎት ልጅ አስቡልኝ።

«እሞታለሁ» የሚል ሰው እያስፈራራ ነው የሚለው ደግሞ ሰው ያስገድላል። በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ700 ሺህ በላይ ሰው ራሱን ያጠፋል፤ ብዙዎቹ ቀድመው በሆነ መንገድ ተናግረዋል። እንደዚያ የሚላችሁን ሰው አትቆጡት፣ ኃጢአት ነው ብላችሁም አትዝጉት። «ራስህን ለመጉዳት እያሰብክ ነው?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁት። መጠየቅ ሐሳቡን አይሰጠውም። ብቻውን አትተዉት፣ የተባይ መርዝና መድኃኒት ከእጁ አርቁ፣ ያኑ ቀን ሐኪም ጋ ይዛችሁት ሂዱ።

የመጨረሻው፣ ከቤት አይውጣ የሚለው ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባል የለ? እኛ ሁለት ዓመት ደብቀናል። እናቴ ከዕድር ቀረች፣ እኔ ጓደኛ ቤት መጥራት ተውኩ። መጀመሪያ የነገርኳቸው ከሥራችን ያለውን ሱቅ የያዙትን ጋሼን ነው፤ ታናሼ ሌሊት ቢወጣ እንዲደውሉልኝ ብዬ። ያልኩትን ሰምተው ጨረሱና የእህታቸው ልጅም እንደዚያው መሆኑን ነገሩኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ዳቦ እየገዛኋቸው አንዳችን የአንዳችንን አናውቅም ነበር። ታናሼ አሁን ከሰዓት ከሰዓት ሱቁ ውስጥ ያግዛቸዋል። ሒሳብ ላይ ከእኔ ይሻላል።

ጸሐፊው ሆይ፣ ያንን የሌሊት ኮቴ የጻፉበትን ቦታ ደግሜ አነበብኩት። ተሳስቼ ከሆነ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ግን እርስዎም ቤት እንደዚያ የሚመላለስ ሰው ካለ፣ ከእምነትዎ ምንም ሳይቀንሱ መጀመር ይችላሉ። መቼ እንደጀመረው፣ ምን እንደሚል፣ ስንት ሰዓት እንደሚተኛ፣ ከዚህ በፊት ምን እንደወሰደ ወረቀት ላይ ይጻፉና ይያዙ፤ ሐኪም ጋ ሲደርሱ ይረሳል። ብቻዎን አይሂዱ። እኛ የሚቀጥለው መርፌ ሐሙስ ነው፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ኮዬ ጤና ጣቢያ በር ላይ ነን። ታናሼ «ከመጡ ወረፋ እንይዝላቸዋለን በያቸው» ብሎኛል።